ጣት ሳይለካ ቀለበት አይሠራም
(ስለ ሮቤና ስለ ጎባ ቀለበት መንገድ ለተማሪዎች ኅብረት አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መንገድ ልናገር ስነሣ አንዳንዶቻችሁ «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ንግግሬን እስክፈጽም ብትታገሡኝ፥ የሕጉም ተማሪ፥ የእርሻውም ተማሪ፥ የጤናውም ተማሪ በዚህ ጉዳይ የየራሱ ድርሻ እንዳለው ለማሳየት እሞክራለሁ። ይልቁንም መሐንዲሱ ብቻውን የተወው እንደ ሆነ እንደሚሳሳት ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ፤ ይህንንም የምለው እኔው ራሴ የምህንድስና ተማሪ ሆኜ ነው።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የአገራችን ጥያቄ አንዱን ከተማ ከሌላው ማገናኘት ነበረ። መንገድ መጣ ማለት ሐኪም መጣ፥ ጨው መጣ፥ ደብዳቤ መጣ ማለት ነበረ። ስለዚህም መንገዱ በከተማው መካከል እንዲያልፍ ሁሉም ይፈልግ ነበር እንጂ ከከተማው ይራቅልን ያለ አልነበረም። ዛሬ ግን በብዙ ከተሞች ጥያቄው ተገልብጧል። ከተማው በመንገዱ ግራና ቀኝ ስላደገ፥ መንገዱም ገበያ፥ መናኸሪያና የልጆች መመላለሻ ስለ ሆነ፥ «መኪናውን በዙሪያ እናሳልፈው» የሚል ሐሳብ ይነሣል። በየከተማው «ቀለበት መንገድ» የሚባለው ሐሳብ የሚወለደው ከዚህ ነው።

በእኛም መካከል ስለ ሮቤ ይኸው ሐሳብ በየጊዜው ሲነሣ እሰማለሁ። ሐሳቡም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሻሸመኔ፥ በዶዶላ፥ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ የሚመጣው መንገድ የሚገባው ወደ ሮቤ ነው። ከዚህም በደቡብ በኩል ወደ ጎባ ይወርዳል፤ ከጎባም የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ወደ ደሎ መና ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል ወደ ጎሮና ወደ ጊኒር፥ በሰሜን በኩል ደግሞ ወደ አጋርፋና ወደ ጋሰራ ይለያያል። እንግዲህ ይህ ሁሉ መንገድ የሚገናኘው በአንዲት ከተማ ሆድ ውስጥ ነው። በመከር ወራት በገበያ ቀን በዋናው ጎዳና የቆመ ሰው የሚያየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስንዴ የጫነው አይሱዙ፥ ባጃጁ፥ በፈረስ የሚጎተተው ጋሪ፥ መንገዱን ሙሉ ይዞ የሚሄደው ኮምባይነር፥ አህያዋን የምትነዳው እናት፥ ከነዚህም ሁሉ ኋላ ወላድ ይዞ ወደ ጎባ ሆስፒታል ለመድረስ ጡሩንባውን የሚያስጮኸው አምቡላንስ። ይህን አይቶ «ቀለበት መንገድ ያስፈልገናል» የሚል ሰው አይወቀስም።

ይሁን እንጂ ቀለበት የሚሠራ አንጥረኛ አስቀድሞ ጣት ይለካል። ያልተለካ ቀለበት ወይ ይወልቃል፥ ወይ ጣት ያሳብጣል። እኔም የምጠይቀው «ጣቱን ለክተናል ወይ?» ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ልክ የሚያልፈውን ከሚመጣው መለየት ነው። በጎዳናው ላይ ከምናያቸው መኪናዎች ውስጥ ሮቤን አልፎ የሚሄደው ስንቱ ነው? ሮቤ ሊያራግፍ ወይም ሊጭን የመጣውስ ስንቱ ነው? ቀለበት መንገድ የሚያቃልለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ገበያ የመጣ አይሱዙ በዙሪያው መንገድ ቢነዳም ተመልሶ ወደ ገበያው መግባቱ አይቀርም። ስለ መኪና ጉዞ ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት፥ ከተማ ባነሰ ቁጥር የአልፎ ሂያጁ ድርሻ ይበዛል፤ ከተማ በሰፋ ቁጥር ግን አብዛኛው መኪና ጉዳዩ እዚያው ከተማው ውስጥ ይሆናል። ሮቤ ትንሽ ከተማ ናት እንዳንል የዞን መቀመጫ፥ የዩኒቨርሲቲና የትልቅ ገበያ ከተማ ናት፤ ትልቅ ናት እንዳንል ደግሞ ገና ከዳር እስከ ዳር በእግር የሚሄድባት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በግምት መናገር አይቻልም፤ መቁጠር ያስፈልጋል።

ብልህ በሰው ይማራል ይባላል። የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ እንመልከት። በ1990ዎቹ ዓመታት በቻይና ኩባንያ የተሠራ፥ ርዝመቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትልቅ ሥራ ነው። ከቦሌ ወደ ቃሊቲ፥ ከቃሊቲ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ሰው ብዙ ድካም አድኖታል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተምሮናል። አንደኛው፥ ለፈጣን መኪና ተብሎ የታጠረ መንገድ አንዱን ሰፈር ለሁለት ይከፍላል። ቀድሞ አሥር ርምጃ ተራምዶ ጎረቤቱ ዘንድ ቡና የሚጠጣ ሰው ድልድይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ሆነበት። እግረኛውም አጥሩን እየዘለለ በመኪናው ፊት መሻገር ጀመረ፤ በዚያም የሞተው ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ የከተማው ዳር ይሆናል የተባለው መንገድ ብዙ ዓመት ሳይቆይ የከተማው መካከል ሆነ። ዛሬ አያትና ለቡ ከቀለበቱ ውጭ ናቸው፤ ይሁንና ከተማ ናቸው።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዞች ለንደንን የሚከብበውን 188 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በ1986 እ.ኤ.አ. ሠርተው ሲጨርሱ ጭንቁ የሚቀር መስሏቸው ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን እርሱ ራሱ በመኪና ተጨናነቀ፤ እንደ ገናም ማስፋት ግድ ሆነባቸው። ምክንያቱም አዲስ መንገድ ያለውን መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሳይሆን አዲስ መኪናና አዲስ ሰፈር የሚጠራ በመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ ጠመኔና ሰሌዳ ቢኖረኝ ኖሮ በሥዕል አሳያችሁ ነበር። ለምሳሌ ያህል ዙሪያው 20 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ቀለበት መንገድ በሮቤ ዙሪያ እናሥምር። የመንገዱ ይዞታ ከነዳር ዳሩ 50 ሜትር ስፋት ይኑረው። እንግዲህ መንገዱ ራሱ የሚወስደው መሬት 20 ሺህ ሜትር ሲባዛ በ50 ሜትር፥ ማለት 100 ሄክታር ነው። በየስብሰባው የምንከራከረው ስለዚህ 100 ሄክታር ነው፤ ካሳውም የሚታሰበው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቀለበቱ በውስጡ የሚከብበው መሬት ምን ያህል ነው? ዙሪያው 20 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ስፋቱ ወደ 3,180 ሄክታር ይሆናል። ይህም መንገዱ ከሚወስደው መሬት ከ30 እጅ ይበልጣል። ከዚያ ውስጥ እኩሌታው ዛሬም ከተማ ነው ብንል እንኳ፥ 1,590 ሄክታር የእርሻ መሬት በቀለበቱ ውስጥ ይቀራል። በሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ለስሌት ያህል ብንይዝ፥ በአንድ ምርት ወቅት 47,700 ኩንታል ማለት ነው።

ወንድሞቼ፥ ይህ መሬት በካርታው ላይ እርሻ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን ቀለበት የታሰረለት እርሻ ለከተማ እንደ ታጨ ይቆጠራል። መንገዱ ሳይሠራ ገና ቀያሹ ካስማ ሲተክል ደላላው ይመጣል። እንዲያውም ቀያሹን አይጠብቅም፤ ወሬው ይበቃዋል። በዚህ በሲናና አገር አንድ ሽማግሌ ገበሬ አነጋግሬ ነበር። ስለ መንገድ ስጠይቃቸው እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «ልጄ፥ መንገድ ቢመጣ እኔ አልጠላም፤ እህሌን የምሸጠው በመንገድ ነው። የምፈራው ወሬውን ነው። ወሬው ቀድሞ ከመጣ ልጆቼ መሬቱን በየራሳቸው ለሰው ይሰጡታል፤ ገንዘቡ ባንድ ክረምት ያልቃል፤ መንገዱ ሲመጣ እኔ በገዛ መሬቴ ላይ ዘበኛ እሆናለሁ።» እኔም የምመልሰው አጣሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም ተብሎ እንደ ተጻፈ አውቃለሁ፤ ሽማግሌውም ያውቃሉ። ነገር ግን በወረቀት ያልተሸጠ መሬት በእጅ ሲተላለፍ የሚያይ ሁሉ ሕጉ ብቻውን እንደማይበቃ ይረዳል።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎችን እጠራለሁ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እንድታነቡ፥ በ2016 ዓ.ም. ከተደረገበት ማሻሻያ ጋርም እንድታስተያዩት አደራ እላለሁ። አዋጁ ሲወጣ የሚነሣው ባለይዞታ መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከርበት ያዝዛል። ለዘለቄታው የሚነሣውም ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በነበረው በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የነበረው 10 እጅ ነበርና በዚህ በኩል ተሻሽሏል። ነገር ግን በባሌ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። በሲናና ሜዳ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን ገና፥ ሌላውን ቦና ይለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያመርት አገር የመጣ ገማች አንዱን ምርት ብቻ ቢጽፍ ገበሬው የካሳውን እኩሌታ አጣ ማለት ነው። ገበሬውም የሦስት ዓመት ምርቱን የሚያስረዳበት ደረሰኝ በሣጥኑ የለውም። እንግዲህ የሕጉ ተማሪና የእርሻው ተማሪ ተባብረው፥ የትኛው ማሳ በየወቅቱ ምን እንደሚሰጥ አስቀድመው ቢመዘግቡ፥ ይህ ለብዙ ቤተሰብ ከእኛ ንግግር የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ልክ የአፈሩና የውኃው ነው። የሮቤ ሜዳ አብዛኛው ገበሬው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ለስንዴ በረከት ነው፤ ለመንገድ ግን ጠላት ነው። ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈውንም አስፋልት አብሮ ያነሣዋል፥ አብሮም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ወይ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት፥ ወይም በኖራ ማጠንከር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ገንዘብ ይፈጃሉ። ደግሞም እዚህ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፥ ለሥራ የሚመቸው የበጋ ጊዜ በሌላው አገር ካለው ያጠረ ነው። ዕቅድ አውጪው ይህን ሳያስብ የሥራውን ጊዜ ቢወስን፥ ተቋራጩ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ገበሬውም የተቆፈረ ማሳውን ታቅፎ ሁለት ምርት ያልፈዋል።

ውኃውም እንደዚሁ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውኃ በሻያ፥ በቶጎናና በብዙ ስም የለሽ ፈፋዎች አድርጎ ሜዳውን ያቋርጣል። ከፍ ተደርጎ የተደለደለ መንገድ በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ሲያልፍ ግድብ ይሆናል። መሐንዲሱ በወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ በክረምት ብቻ የሚታየውን ፈፋ ግን በበጋ ቢመጣ አያየውም። የሚያውቀው እዚያው የሚያርሰው ሰው ነው። ስለዚህ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚቀበርበትን ቦታ ከገበሬው ጋር በክረምት እየዞሩ ምልክት ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፥ ብዙ ጥፋት የሚያድን ሥራ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ልክ የጣቱ ቅርፅ ነው። ቀለበት ስንል ክብ ነገር እናስባለን፤ ክብ ነገር ደግሞ አንድ መካከል ይፈልጋል። የእኛ ከተማ ግን መካከሉ አንድ ነው ወይ? ባሌ ጠቅላይ ግዛት በነበረበት ዘመን መቀመጫው ጎባ ነበረ፤ ኋላ መቀመጫው ወደ ሮቤ ተዛወረ። ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም በመካከላቸው ነው። ሮቤ አድሮ ጎባ የሚሠራ፥ ጎባ አድሮ ሮቤ የሚማር፥ ሮቤ ገበያ ውሎ ጎባ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እንግዲህ በእውነት የሚኖረው ከተማ ክብ አይደለም፤ ሁለት ራስ ያለው ረጅም ነገር ነው። በሮቤ ዙሪያ ብቻ ክብ ቀለበት ብናስር ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ያው እንደ ተጨናነቀ ይቀራል፤ አምቡላንሱም ቀለበቱን ዞሮ እዚያው ጠባቡ መንገድ ላይ ይደርሳል። የጎባም ሰው «ዋና ከተማነቱን ወሰዱብን፥ አሁን ደግሞ መንገዱን በራሳቸው ዙሪያ አዞሩት» ቢል መልስ አይኖረንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ቀለበት መንገድ አይሠራ አልልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ዛሬ ማሳ የሆነው ቦታ ነገ ቤት ከተሠራበት በኋላ መንገድ ማውጣት ማለት ቤት ማፍረስ ማለት ነው። ስለዚህ የምለው እንዲህ ነው።

አንደኛ፥ መንገዱ የሚያልፍበት መሥመር ዛሬውኑ ተጠንቶ ይከበር፤ ነገር ግን መሥመሩ በታወጀበት ቀን በመሥመሩ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ምን እንደሚሆን አብሮ ይታወጅ። ወሬው ከሕጉ ቀድሞ እንዳይደርስ።

ሁለተኛ፥ ሙሉ ክብ ከመጀመር ይልቅ ከዲንሾ በኩል የሚመጣውን ከባድ መኪና ወደ ጎሮ መንገድና ወደ ጎባ መንገድ የሚያደርስ ግማሽ ቀለበት ይጠና። ግማሹ ሥራውን ከሠራ የቀረው ግማሽ ሊቆይ ይችላል፤ ያልተከበበውም እርሻ እርሻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፥ በመንገዱ ላይ የከብት፥ የጋሪ፥ የኮምባይነርና የተማሪ ልጆች መሻገሪያ አብሮ ይታሰብ እንጂ ሰው ከሞተ በኋላ የሚጨመር አይሁን።

አራተኛ፥ ሮቤና ጎባ በአንድ ካርታ ላይ ይታሰቡ፤ ስብሰባውም አንድ ጊዜ እዚህ፥ አንድ ጊዜ እዚያ ይሁን።

ይህን ሁሉ እኛ ተማሪዎች ልናዝዝ አንችልም። አንድ ነገር ግን ማድረግ እንችላለን፤ እርሱም መቁጠር ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ወደ ዲንሾ፥ ወደ ጎባ፥ ወደ ጎሮና ወደ አጋርፋ በሚወስዱት በሮች ሁለት ሁለት ተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቆማል። የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና የታርጋ መጨረሻ ሦስት ቁጥር፥ የመኪናውን ዓይነትና ሰዓቱን ይጽፋል። ማታ ወረቀቶቹ ይስተያያሉ። በአንዱ በር ገብቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላው የወጣ መኪና አልፎ ሂያጅ ነው፤ ገብቶ ሳይወጣ የቆየው እንግዳችን ነው። ይህንም አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፥ አንድ ጊዜ በሌላ ቀን፥ እንደ ገናም በመከር ወራት ብናደርገው፥ የጣቱን የመጀመሪያ ልክ አገኘን ማለት ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ፈቃድ መጠየቅና ማለዳ መነሣት ብቻ ያስፈልጋል።

ምናልባት ቁጥሩ እኔ ከተናገርሁት የሚቃረን ሊሆን ይችላል። አልፎ ሂያጁ ብዙ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ ቀለበት ይሠራ የሚሉት ወገኖች ልክ ናቸው፤ እኔም በዚህች ጋዜጣ ላይ ስሕተቴን እጽፋለሁ። ቁጥሩ ለማንም ይፍረድ፤ ያለ ቁጥር ግን ማንም አይፍረድ።

ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ከዚህ አዳራሽ የወጣ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ እንደ መሐንዲስ ይፈርማል፤ ሌላው የካሳውን ግምት ይፈርማል፤ ሦስተኛው እንደ ዳኛ ክርክሩን ይሰማል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ገበሬ በበሩ ላይ ቆመው «ልጄ፥ በየት በኩል ነው የሚዞረው?» ይሉት ይሆናል። ለክቶ መልስ እንዲሰጣቸው እመኛለሁ።

ለቆጠራው ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ዛሬ ማታ ለኅብረቱ ጸሐፊ አስመዝግቡ።